ቁጥር አርባ ሰባት

የካቲት አለቀ፤ ፀሐዩ ከረረ፤
ጎረቤታችን ቪርጂል ቤቱን ጎትቶ ሄደ፣
ቆሞበት በኖረው ጠጠር ላይ
የዘይት ጠብታ ብቻ ቀረ።

ለኛ ሳምንት ይቀረናል።
"ሳምንት ብዙ ነው" ትላለህ፣ የደጁን ሸራ እየጠቀለልክ፤
ጠቅልለህ ስትጨርስ መልሰህ ትዘረጋዋለህ፤
"ምነው ኦሬስት?" ስል፣ "አቧራውን ላራግፍ ነው" አልክ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በረዶን አታለልነው፤
እሱ ሳስካችዋን ወርዶ የጓሯችንን አጥር ሲውጥ፣
እኛ አሪዞና ዳርቻ፣ ዩማ፣ ቁጥር አርባ ሰባት፣
በነጠላ ጫማ፣ በታኅሣሥ፣ ደጅ ስንቀመጥ።
ማዶ ሰላጣ ቆራጮቹ ሌሊት መብራት ሲያበሩ
"ከተማ መጣልን" ትለኝ ነበር ያኔ፤
ዘንድሮ ስለ መብራቱ ቃል ከአፍህ አልወጣም፤
አልጠየቅሁም እኔ።

ስንመጣም የነዳሁት እኔ ነበርኩ፤
አምስት ቀን ሙሉ፣ ቤቴ ከኋላዬ እየተከተለኝ፤
አንተ ከጎኔ ካርታ ዘርግተህ
"ቀጥ በይ፣ ዶሪን፣ ቀጥ በይ" እያልከኝ።
ካርታው የተዘቀዘቀ ነበር።
ሞንታናን እስክንጨርስ አልነገርኩህም፤
ከዚያም በኋላ አልነገርኩህም።

ማክሰኞ ድንበር ተሻገርን፣ ሜክሲኮ፣
አንተ ለጥርስህ፣ እኔ ለክኒኔ፤
ሐኪሟ "የቀረውን በሚመጣው ዓመት" ስትልህ
አፍህን ጥጥ ሞልቶት አውራ ጣትህን አነሣህላት።
ማታ ከመታጠቢያ ቤቱ ስትመለስ ሰማሁህ፤
በሹክሹክታ ትቆጥራለህ፤
መቶ አሥር፣ መቶ አሥራ አንድ፣ መቶ አሥራ ሁለት፤
እጅህ የበራችንን እጀታ ያዘ።
እርምጃውን የሚቆጥር ሰው
ወይ ወታደር ነው፣ ወይ ዓይኑ የከዳው።
ወታደር ሆነህ አታውቅም።

ሐሙስ የስንብት እራት ሆነ፤
የድንች ሰላጣው እንዳምናው ጨው በዝቶበት።
ረጅሙ ጠረጴዛ አጥሯል፤
ሁለቱን ጫፎች አጥፈው ግድግዳ አስደግፈዋቸዋል፤
የጎደሉትን ስም ማንም አላነሣበት።

አርብ ጧት ወደ ቢሮ ሄድኩ፣ ቦታውን ልመልስ፤
ቃሉን መንገድ ላይ ሳኝከው፣ ሳላምጠው፣ በሩ ጋ እስክደርስ።
"ማርሴላ፣ ለሌላ ሰው ስጪው" ብዬ ሳልጨርስ
መነጽሯን ዝቅ አድርጋ መዝገቡን ገለጠች፤
"ኦሬስት እኮ ከፍሏል፣ ሰኞ፤ የከርሞውን ቀብድ፣ በጥሬው፤
ደረሰኙን ረስቶት ነው የሄደው፤ ይኸው።"
ፊርማህን አየሁት፤
ከመስመሩ ተንሸራቶ፣ ወረቀቱን ጨርሶ፣
የጠረጴዛው እንጨት ላይ ነው ያለቀው።

"እሺ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?"
"ምንም" አልኳት፤
"የውሃው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤
ለከርሞ አሠሪልን።"

"የት ቆየሽ?" አልከኝ።
"ወረፋ ነበር።"
ቢሮው ውስጥ ከማርሴላና ከአንዲት ማራገቢያ በቀር
ማንም አልነበር።

እሑድ ማለዳ ጎማውን አየን፣ ጋዙን ዘጋን፤
በኖራ የቀባሃቸውን ድንጋዮች እንዳሉ ተውናቸው።
ሞተሩን ሳሞቅ ድርጭቶች መንገዱን አቋረጡ፤
"ጫጩት አላቸው?" አልክ፣ ጆሮህን ወደ መስኮቱ አዘንብለህ።
"ዘጠኝ" አልኩህ፤
አልቆጠርኳቸው።

ቤታችን አንዴ ተንገጫግጮ ተከተለን።
ካርታውን ጭንህ ላይ ዘረጋህ፤
እንደያዝከው ከሆነ ሰሜን ወደ ሆድህ ነው።
"ወደ ሰሜን" አልክ።
ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ተንኮሻኮሸ።
"ወደ ሰሜን" አልኩህ፤
መሪውን አዞርኩ።